ዘፋኝና አድማጭ ሲራራቁ

በኅዳር 1845 ዓ.ም. ደምቢያ ውስጥ ጉር አምባ በተባለ ቦታ የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴና የቋራው ካሣ ኃይሉ ጦራቸውን አሰልፈው ተፋጠጡ። ውጊያው ሳይጀመር ከጎሹ ወገን አንድ አዝማሪ ብቅ ብሎ ካሣን በግጥም አዋረደው ይባላል። ጎሹ በዚያው ጦርነት ወደቀ፤ አዝማሪው ተማረከ። ካሣ ፊት ቀርቦ ስለ ስድቡ ሲጠየቅ፣ እዚያው በቆመበት የገዛ ምላሱን የሚኮንን ሌላ ግጥም ደረደረ። ግጥሙ ያማረ ነበር፤ ግን አላዳነውም፤ በዱላ ተደብድቦ ሞተ። ካሣ ብዙም ሳይቆይ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ፤ ደብረ ታቦርንም መቀመጫው አደረገ።

ስለ ፖፕ ሙዚቃ በሚነገርበት መድረክ ይህ ታሪክ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። አዝማሪ አድማጩን ያውቀዋል፤ ፊቱን ያያል፤ ካስደሰተው ይሸለማል፣ ካስቀየመው ደግሞ ጉር አምባ ላይ የሆነው ሊሆን ይችላል። የፖፕ ዘፋኝ ይህ ዕድልም የለውም፣ ይህ ስጋትም የለበትም። ዘፈኑን የሚሰማው የማያውቀው ሰው ነው፤ በማያውቀው ቤት፣ እሱ ተኝቶ ወይም ሞቶ ሳለ። ብዙ ሰው ፖፕ ሲባል ኤሌክትሪክ ጊታርና ማይክል ጃክሰን ይታየዋል። ከደብረ ታቦር ሆኖ ለሚያስተውል ግን ትልቁ ለውጥ የዘፋኝና የአድማጭ መራራቅ ነው። የኢትዮጵያ ፖፕ ታሪክም ይህ ርቀት እንዴት እየሰፋ እንደሄደና ዘፋኞቹ ርቀቱን ለማጥበብ ምን እንዳደረጉ የሚያሳይ ነው።

ደቡብ ጎንደር ለዜማ እንግዳ አይደለም። ጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት፤ የተክሌ አቋቋም ሲነሣ ደግሞ ደብረ ታቦር ኢየሱስ አብሮ ይነሣል። ድጓ ተምሮ የመጣ ደቀ መዝሙር ቤተልሔም ደርሶ ካልተመሰከረለት መምህር ነኝ ለማለት ይቸገራል። እዚያ የሚፈለገው ዜማው ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ የወረደበትን መንገድ ሳይስት መዝለቁ ነው። ምልክቱ ከፊደሉ በላይ ተጽፏል፤ ተማሪው አንዷን ቢዘል መምህሩ ይመልሰዋል። በዚሁ አገር፣ አንዳንዴም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ብዙ ሳይርቅ፣ አዝማሪው የሚተዳደረው በተቃራኒው ሕግ ነው። ትናንት ማታ ያለውን ዛሬ እንዳለ ቢደግመው «አለቀበት» ይሉታል። ፖፕ ከሁለቱም ወስዷል ማለት ይቻላል። እንደ አዝማሪ አድማጩን ማስደሰት ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ከተቀረጸ በኋላ ግን እንደ ድጓ አይለወጥም።

ጠጅ ቤት ገብቶ አዝማሪ ሲሠራ ያየ ሰው የሙያውን ምስጢር ከመሣሪያው ላይ አያገኘውም። ማሲንቆ ሲታይ ቀላል ነገር ነው፦ በቆዳ የተለበጠ ባለ አራት ማዕዘን ሳጥን፣ ረዘም ያለ እጀታ፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር፣ አንድ ደጋን። ዋናው ሥራ ያለው ዓይኑና ጆሮው ላይ ነው። የሚገባው ማን ነው? ከማን ጋር መጣ? ማንን ሰላም አለ፣ ማንን ዘለለ? ከዚያ አንዱ ጠጪ ብርሌውን አስቀምጦ «ተቀበል!» ይላል፤ ሁለት ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ስንኙን ዜማ ያለብሰዋል፣ የራሱን ይጨምርበታል። ስንኙ ብዙ ጊዜ የሚላከው ወዲያ ማዶ ለተቀመጠ ሰው ነው፤ ሰሙ ምስጋና ይሆናል፣ ወርቁ ግን ሌላ። ያኛውም ዝም አይልም፤ «ተቀበል!» ይላል። ብሩ አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጠፋል፣ ቤቱ ይስቃል። በዚህ ዓይነት ሥራ የግጥሙ ግማሽ ደራሲ አድማጩ ራሱ ነው። አዝማሪዎች ሌላው ሰው የማይሰማው የራሳቸው የሙያ ቋንቋም አላቸው፤ ማሲንቆ የሚመታው ባልና የምትዘፍነው ሚስት፣ ፊት ለፊት የተቀመጠው ደንበኛ ቸር ይሁን ቋጣሪ፣ እሱው እየሰማ ሊመካከሩ ይችላሉ።

ልጆችም ይህን ሙያ የሚቀምሱበት ቀን አላቸው። ደብረ ታቦር ከተማ ስሟን ከታቦር ተራራ ወስዳለች፤ የደብረ ታቦር በዓልም (ቡሄ) ነሐሴ 13 ቀን ይውላል። ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች ዱላቸውን እየደበደቡ በየደጁ ሲዞሩ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ጎበዝ አውጪ የቤቱን ሁኔታ አይቶ ይገጥማል፤ በረቱ ሙሉ ከሆነ ከብቱን፣ ልጁ ውጭ አገር ከሆነ ልጁን ያነሣል። ሙልሙል በነበረበት ዛሬ ብር ገብቷል እንጂ አሠራሩ ያው ነው። የፖፕ ዘፈን አዝማችና ተቀባይ ድምፅ ለዚህ አገር ልጅ ከውጭ የመጣ ትምህርት አልሆነበትም።

ርቀቱ መቼ ጀመረ ከተባለ እ.ኤ.አ. 1908 ጥሩ መነሻ ነው። በዚያ ዓመት በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልኮ የነበረው ተሰማ እሸቴ፣ ኋላ ነጋድራስ የተባለው፣ በዚያው አገር ድምፁን በሸክላ አስቀረጸ። በሸክላ ቀረጻ ማይክሮፎን ገና አልገባም ነበር፤ ዘፋኝ የሚዘፍነው ለትልቅ የብረት ቀንድ ነበር። ጨዋታ አዋቂነቱ አገር ያወቀው ሰው፣ «ተቀበል» የሚለው በሌለበት ክፍል፣ ለቀንድ ሲገጥም ማሰብ ነው። የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ ከባለቤቱ ተለይቶ መሄድ የጀመረው እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለተነገረ እዚህ ጠቅለል ብሎ ይታለፍ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ባንድ ሆነው አዲስ አበባ ገቡ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። በ1927 ዓ.ም. ሀገር ፍቅር ተቋቋመ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊትና ምድር ጦር የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ወደ ክብር ዘበኛ ተሻገረ፤ አለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ወጣ፤ መርካቶ ተወልዶ ሊስትሮ ሲሠራ ያደገው ማሕሙድ አሕመድም ክብር ዘበኛ ደረሰ። የወታደር ደመወዝ፣ የወታደር ጥሩምባ፣ የፍቅር ዘፈን፤ የአገራችን ፖፕ የተወለደው እዚህ መካከል ነው። ከእነዚህ ሁሉ ለደጋ ሰው ቅርብ የሚሆነው የይፋቱ ተወላጅ ጌታቸው መኩሪያ ነው። እሱ የአርበኛውን ሽለላና ፉከራ ወስዶ በሳክስፎን አወጣው። ያለ ግጥም የሚፎክር መሣሪያ ነበር፤ ጉና ተራራ ሥር ያደገ ማንም ሽማግሌ ደግሞ ምን እያለ እንደሆነ ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ተላልፎ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ውጭ አሳተመና መሸጥ ጀመረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ «አምሃ ሪከርድስ» ከ100 በላይ ሸክላዎች አወጣ። ትንሿ ባለ 45 ዙር ሸክላ በአንድ ገጿ የምትይዘው አራት ወይም አምስት ደቂቃ ነው። ሠርግ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ሊዘልቅ የሚችል ዜማ በዚህ ልክ ተቆረጠ፤ መግቢያ፣ ሁለት ሦስት ግጥም፣ የጥሩምባ ጣልቃ፣ አዝማች፣ አበቃ። ዛሬ «የዘፈን ትክክለኛ ርዝመት» የሚመስለን የፕላስቲኩ ስፋት የወሰነው ነው። በሌላው ዓለምም የቢትልስና የጄምስ ብራውን ዘፈኖች የታጠሩት በዚችው ሸክላ ነበር።

ሸክላ ማጫወቻ ያለው ቤት ደብረ ታቦር ላይ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ድምፁን ወደ ደጋው ያደረሰው ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ደግሞ ምርጫ ሙዚቃ የሚባል ነገር ነበረው። አድማጩ በደብዳቤ ዘፈን ይመርጣል፤ ለእናቱ፣ ለእህቱ፣ ለወታደር ጓደኛው ሰላምታ ያስነግራል። አንዳንዴ የስሙ ዝርዝር ከዘፈኑ ይረዝማል። አዋቂ ነን የሚሉ ሰዎች ይሣለቁበት ነበር። ግን ከጠጅ ቤቱ ልማድ የቀረው ይህ ብቻ ነበር፤ ሰው ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን የሚወደውን ሰው ስም ከዘፈኑ ጋር መስማት ይፈልጋል።

ከአብዮቱ በኋላ ሁለት ነገር አብሮ መጣ፤ ካሴትና ኪነት። ካሴት ርካሽ ነበረ፤ ቤት ውስጥ ይገለበጣል፤ ወረታ ላይ ካወረደው አውቶቡስ ቻይናዎች በሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ደብረ ታቦር፣ ክምር ድንጋይ፣ ነፋስ መውጫ ይደርሳል። ካሴት በሁለት ገጹ አሥርና ከዚያ በላይ ዘፈን ስለሚይዝ «አልበም» የሚባለው ነገር በሕዝቡ ዘንድ የታወቀው ያኔ ነው። አዲስ አበባ በሰዓት እላፊ ውስጥ እያለች ሮሃ፣ ዋልያስና ኢትዮ ስታርስ ባንዶች ሆቴል ውስጥ ይጫወቱ ነበር፤ ኤፍሬም ታምሩ፣ ንዋይ ደበበ፣ ጸሐዬ ዮሐንስ፣ ሐመልማል አባተ፣ ኩኩ ሰብስቤ በካሴት አገር አዳረሱ። አዲስ አበባን አይቶ የማያውቅ የእስቴ ገበሬ ልጅ የኤፍሬምን ድምፅ ከዘመዱ ድምፅ ለይቶ ያውቅ ነበር።

ኪነት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጎንደር ፋሲለደስ፣ ጎጃም ግሽ ዓባይ፣ ወሎ ላሊበላ የተባሉ የኪነት ቡድኖች አቋቋሙ። ማሪቱ ለገሠን የሰጠው የወሎው ላሊበላ ነው፤ ይሁኔ በላይና ሰማኸኝ በለው ደግሞ ከጎጃም በኩል ወጡ። ጠጅ ቤት የነበረው አዝማሪ የደንብ ልብስ ለብሶ፣ ተሰልፎ፣ አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ፊት ቆመ። ሙያው ክብር አገኘ፤ ይህ መካድ የለበትም፤ «አዝማሪ» ስድብ በነበረበት አገር አዝማሪው ደመወዝተኛ ሆነ። ዋጋውም ትንሽ አልነበረም። ግጥም አስቀድሞ ተጽፎ ለሳንሱር መቅረብ ነበረበት። አስቀድሞ የተጻፈ ግጥም «ተቀበል» ለሚል ሰው ቦታ የለውም፤ ሕዝቡ አጨብጫቢ ብቻ ሆነ። በእነዚያ ዓመታት የጎንደር ዘፈን ድምፁ ጨመረ፣ ጨዋታው ግን ቀነሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ድምፁ ራሱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ሁሉም ነገር በመሣሪያና በመንግሥት አይወሰንም። የአማርኛ ዘፈን አብዛኛው በአራት ቅኝቶች ላይ ይቆማል፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ኦርጋን (የዛሬው ኪቦርድ) በአንድ ስምንት ድምፅ ርቀት ውስጥ 12 ድምፆች አሉት፤ ግን እነዚያ 12ቱ ለአውሮፓ ሙዚቃ የተቆረጡ ናቸው። ትዝታ ብዙም ሳይጎረብጠው ይገባባቸዋል። አንቺ ሆዬ ግን ማሲንቆ ላይ ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ በሁለት ቁልፎች መካከል የሚወድቅበት ጊዜ አለ። ኦርጋኒስቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ባለ ማሲንቆው ሲሰማው ፊቱን ያጨማድዳል። ምቱም እንደዚሁ ነው። እስክስታ የሚያስመታው ችክችካ በስድስት ይቆጠራል፤ ትከሻው የሚወድቅበት ቦታ ከዚያ ቆጠራ ጋር የተያያዘ ነው። የዓለም ፖፕ ደግሞ በብዛት በአራት ይረግጣል። ጎበዝ አቀናባሪ ሁለቱን ያስታርቃል። ሰነፉ ኦርጋኑ ላይ ያገኘውን የከበሮ ምት ተጭኖ ይሄዳል፤ የአንዱ ሠርግ ዘፈን ከሌላው አልለይ ያለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ርቀቱ እጅግ የሰፋው ዘፋኞቹ ሲሰደዱ ነው። ጎንደር የተወለደችው አስቴር አወቀ አዲስ አበባ ላይ ስሟ ከታወቀ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደች፤ ዋሽንግተን ውስጥ ለአበሻ ምግብ ቤት ታዳሚ ስትዘፍን ቆየች። እ.ኤ.አ. በ1989 «አስቴር»፣ በ1991 «ካቡ» የተባሉት አልበሞቿ አማርኛ ለማይሰማ አድማጭ ደረሱ። ያ አድማጭ ግጥሙን አይረዳም፤ የሚሰማው ድምፁ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥና እንደሚሰበር ነው። ያ አሰባበር ደግሞ አስቴር የፈለሰፈችው አይደለም፤ የጎንደር አዝማሪ ሴቶች ሲያንጎራጉሩ የሚሰማ ነው። የቻግኒዋ እጅጋየሁ ሽባባውም (ጂጂ) እንዲሁ የልጅነት ዜማዋን ይዛ ተሻገረች። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርእስ የድሮ ሸክላዎችን በተከታታይ ሲያሳትም ማሕሙድ፣ ሙላቱ አስታጥቄና ጌታቸው መኩሪያ እንደገና ተወለዱ። የተከታታዩ ሁለተኛ ሲዲ የከተማ አዝማሪዎች መሆኑን ብዙ ሰው አያስታውስም።

የዚህ ስደት ሩቁ ጫፍ ቶሮንቶ ነው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች እ.ኤ.አ. በ1990 እዚያ የተወለደው አቤል ተስፋዬ፣ ዓለም «ዘ ዊኬንድ» የሚለው፣ በ2015 ባወጣው «ዘ ሂልስ» ዘፈን መጨረሻ ላይ አማርኛ ይናገራል። በ2021 የሱፐር ቦውልን የዕረፍት መድረክ ብቻውን ያዘ። በዚያው ዓመት ቢልቦርድ «ብላይንዲንግ ላይትስ»ን ከምንጊዜም ነጠላ ዜማዎች ሁሉ በደረጃ ሰንጠረዡ አንደኛ አለው። እዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር አለ፤ «የእኛ ነው» ይላሉ፣ «ምኑ የእኛ ነው?» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ትንሽ እውነት አላቸው። አቤል አማርኛን በልጅነቱ ከአያቱ የሰማ ልጅ ነው፤ ሙዚቃውን የሠራው ግን ለቶሮንቶና ለሎስ አንጀለስ ነው። ቅኝት በደም አይወረስም፤ በጆሮ እንጂ።

ደብረ ታቦርን በቀጥታ የሚነካው ግን ቴዲ አፍሮ ነው። በ1993 ዓ.ም. በ«አቡጊዳ» ብቅ ያለው ይህ ዘፋኝ፣ በ1997 «ያስተሰርያል»፣ በ2004 «ጥቁር ሰው»፣ በ2009 «ኢትዮጵያ» የተባሉ አልበሞችን አወጣ፤ የመጨረሻው የቢልቦርድን የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሰንጠረዥ መርቷል። በዚሁ አልበም ውስጥ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የተዘፈነ ሥራ አለ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስቀለጠ፣ በ1860 ዓ.ም. ያን መድፍ በጋይንት ገደል መንገድ እያስጠረገ ወደ መቅደላ ያስጎተተ ንጉሥ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ በስልክ ድምፅ ማጉያ ተዘፈነለት። ቴዲ ያደረገው በመሠረቱ የአዝማሪ ሥራ ነው፤ ማወደስ፣ መውቀስ፣ ታሪክ ማንሣት። አድማጮቹም ግጥሙን እንደ ቅኔ ፈቱት፤ «ወርቁ ይሄ ነው» እየተባባሉ ተከራከሩ። ዘፋኙ ባያያቸውም ጠጅ ቤቱ በየቤታቸው ቀጠለ።

ገንዘቡስ? አዝማሪ ሲዘፍን ብሩን እዚያው ያያል፤ ካሴት ግን ሲገለበጥ ማንም ለማንም አይከፍልም ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ይህን ለማስተካከል ነው። አዋጁን ማስፈጸም ከማውጣት ከበደ፤ ሙዚቃው ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ሲሸሽ ተቆጣጣሪው ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀረ። የ«አቡጊዳ» አቀናባሪ ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ በ2011 ዓ.ም. «አውታር» የተባለ የሙዚቃ መሸጫ የስልክ መተግበሪያ አወጡ፤ ኤልያስ ግን በመስከረም 2012 አረፈ። የአዘዞው ልጅ ማዲንጎ አፈወርቅም በመስከረም 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ሲሞት፣ ዘፈኖቹ በዩቲዩብ እንደገና በብዛት ተከፈቱ። ዛሬ ዘፋኙ ማን እንደሰማው ባያውቅም ስንት ጊዜ እንደተሰማ ያውቃል። ለአዝማሪ ይህ ቁጥር ግንባር ላይ የተለጠፈን ብር አይተካም፤ ለወጣት ዘፋኞች ግን የሙያ መለኪያ ሆኗል።

በደጋው ሠርግ ላይ አሁን የሚታየው አሠራር ሁለቱን የሚያደባልቅ ነው። ዳሱ ውስጥ ኦርጋንና ትልቅ ስፒከር አለ፤ ከጎኑ ማሲንቆ ይቀመጣል። ዘፋኙ አስቀድሞ ሚዜውን ጠርቶ የሙሽሮቹን፣ የወላጆቹን፣ የትውልድ ቀበሌውን ስም ስልኩ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ሁሉም የሚያውቀውን የአልበም ዘፈን ይጀምርና መሐሉን ከፍቶ ስሞቹን ያስገባል፤ ጨጨሆ፣ ጉና፣ እብናት ይነሣሉ። ከአረብ አገር ወይም ከአሜሪካ በቪዲዮ የሚከታተል ዘመድ ስልክ የያዘውን ሰው «ለእኔም ይበልልኝ» ይለዋል፤ ሽልማቱም በሞባይል ባንክ ይገባል፤ ዘፋኙም ብሩን የላከውን ሰው ስም በማይክ ያነሣል። ስም ከተሳሳተ ሚዜው በሰው መሐል እየተጋፋ ተመልሶ ይመጣና በጆሮው ያርመዋል፤ ግጥሙም ከመጀመሪያው ይደገማል።